እህቴ ሶሻል ልግባ ብላለች፣ አባቴ ደግሞ "እኔ ቆሜ አይሆንም" ብሏል። ምን ትላላችሁ?

ታላቅ ወንድም (አዳማ)

ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ 10ኛን ጨርሳለች። መስከረም ላይ 11ኛ ስትገባ ስትሪም፣ ማለትም ሶሻል ወይም ናቹራል፣ መምረጥ አለባት። ውጤቷ ደህና ነው፣ ፊዚክስም ኬሚስትሪም አልወደቀችም። እሷ ግን ሶሻል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። አባታችን "ጎበዝ ልጅ ሶሻል ገብቶ ምን ሊሠራ?" ባይ ነው። አክስቶቻችን፣ ጎረቤቱ፣ የድሮ አስተማሪዋ ሳትቀር ከሱ ጋር ናቸው። እናቴ የሁለቱንም ፊት እያየች ዝም ብላለች።

እኔ ናቹራል ነው የተማርኩት። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ አሁን ሽያጭ ላይ ነው ያለሁት፣ ስለ ሶሻል የማውቀው ክፍላቸው ከኛ ክፍል አጠገብ እንደነበር ብቻ ነው። ስለዚህ ልምከራትም ብል አፌን ሞልቼ የምለው የለኝም።

የምጠይቃችሁ፦ 11ኛ እና 12ኛ ሶሻል ውስጥ በትክክል ምንድነው የሚማሩት? ሽምደዳ ብቻ ነው የሚባለው እውነት ነው? ሂሳብ ይቀራል? (እሷ ይቀራል ብላ በልቧ ሳትደሰት አልቀረችም።) ዩኒቨርሲቲ ስትገባስ ምን ምን ማጥናት ትችላለች? መካሪ ሞልቶናል፣ የጎደለን የሚያውቅ ሰው ነው።

ጌታ ፊዚክስ

ናቹራል ትግባ። ናቹራል የተማረ በኋላ ሶሻል ፊልድ ሊማር ይችላል፣ ከሶሻል ወደ ናቹራል የሄደ ግን አይቼ አላውቅም። በር የሚዘጋ ነገር ምን ያስመርጣታል? አለቀ።

የካርታ መምህር

ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው፣ ወገንተኛ መሆኔን አውቃችሁ አንብቡኝ።

ከላይ የተባለውን የበር ነገር በየዓመቱ እሰማለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የማትወደውን ፊዚክስ እያየች ቆይታ ማትሪክ ላይ 50 በመቶ ካጣች ግን የዩኒቨርሲቲው በር በቀጥታ አይከፈትላትም። ልጅን "ኋላ ትዞራለች" ብሎ ማስገባት ምክር አይደለም፣ ውሳኔን ማሳደር ነው።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 9ኛ እና 10ኛ ላይ ሁሉም ተማሪ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስና ዜግነት ይማራል። ድሮ ኢኮኖሚክስን 11ኛ ላይ ነበር የሚተዋወቁት፣ አሁን ከ9ኛ ይጀምራል። ስለዚህ እህትህ በወሬ አይደለም የምትመርጠው፣ ቀምሳዋለች። የነዚህን ትምህርቶች ውጤቷን አውጥታችሁ ከአባትህ ጋር ተያዩት።

11ኛ ላይ ስትሪሙ ሲለይ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ዋናዎቹ ይሆናሉ። እንግሊዝኛና ሂሳብ አብረዋት ይዘልቃሉ፣ አይቲም አለ። ማትሪክ ላይ እነዚያ ሦስቱ አሉ፣ በነሱ ላይ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብና አፕቲቲውድ (የማሰብ ችሎታ ፈተና) ይጨመራሉ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ናቹራሎቹም ይቀመጣሉ። ከሂሳብ ማምለጫ ፈልጋ ከሆነ ከወዲሁ ንገራት፣ የለም።

ሽምደዳ ነው ወይ ላልከው፣ አስተማሪው ሽምደዳ ካደረገው ይሆናል። የ12ኛ ጂኦግራፊ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ፕሌት ቴክቶኒክስ፣ ማለትም ፕሌት ስለሚባሉት የመሬት ቅርፊት ቁራጮች እንቅስቃሴ ነው። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ላይ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲናወጥ እናንተ አዳማ ያላችሁ ሳትሰሙት አልቀራችሁም፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖረውም በሌሊት ልብሱ ደረጃ ሲወርድ ነበር። ያን ሰሞን ክፍል ገብቼ "ዛሬ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ እንማራለን" ማለት አላስፈለገኝም፣ ልጆቹ ቀድመው ይጠይቁኝ ነበር። የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ፕሌቶች አፋር ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ እየተላቀቁ ይርቃሉ። በ1998 መስከረም ላይ አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መሬት በአጭር ጊዜ ተሰንጥቋል። ስምጥ ሸለቆ ማለት በሥዕል የሚታይ ነገር ብቻ ይመስላቸው የነበሩ ልጆች የሚኖሩበት መሆኑ ሲገባቸው ፊታቸውን ማየት ነበረባችሁ።

ካርታ ንባብም አለ። ስኬሉ 1:50,000 በሆነ ካርታ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ስትለካ መሬት ላይ 2 ኪሎ ሜትር መሆኑን ታሰላለህ። የኮንቱር መስመሮቹ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) ከተጠጋጉ ቦታው ገደላማ ነው። የሕዝብ ፒራሚድ (ሕዝቡን በዕድሜና በጾታ የሚያሳይ ሥዕል) አይተህ እግሩ ሰፊ ከሆነ አገሩ ሕፃን የበዛበት ነው፣ ትምህርት ቤትና ክትባት ይፈልጋል፣ ከ15 ዓመት በኋላ ደግሞ ሥራ ይፈልጋል። ይህን ሸምድዶ የሠራ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ሶሻል ላይ ልጆችን የሚጥለው ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ነው። ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም፣ ኢኮኖሚክሱም የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም እንደዚያው። ፊዚክስ ላይ ፎርሙላው ያለው ልጅ እንግሊዝኛው ቢደክምም ተንገዳግዶ ይወጣል። ታሪክ ላይ ጥያቄው ራሱ አንቀጽ ያክላል፣ አራቱም ምርጫ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፣ ልዩነቱ አንዲት ቃል ላይ ናት። ስለ አድዋ በአማርኛ አውራ ቢሉት ሰው ከአፉ ላይ የሚነጥቀው ልጅ አለኝ፣ ያው ታሪክ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ሲመጣበት ግን ይጠፋበታል። እኔ በበኩሌ ይህ ነገር በጣም ያናድደኛል፣ የራሳችንን ታሪክ በሰው ቋንቋ እየተፈተንን የሚወድቀውን ሁሉ "ሰነፍ ሶሻል" እንለዋለን።

ማትሪክ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት የጀመረው በ2015 ጥቅምት ነው፣ የ2014 ተፈታኞች ናቸው የተቀመጡት። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ሶሻሉ ደግሞ ከናቹራሉ በጣም ባነሰ መጠን ነው ያለፈው። ይቀላል ተብሎ የሚገባበት ስትሪም ነው እንግዲህ!

ታላቅ ወንድም (አዳማ)

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሙሉውን ለእናቴ አነበብኩላት፣ ያ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ትዝ ብሏት "እውነታቸውን ነው" አለች። የእርስዎን ጽሑፍ አባቴም ሰምቷል። አሁን የያዘው ክርክር ተቀይሯል፣ "መንግሥት ራሱ 70 በመቶ ለናቹራል ብሎ መድቦ የለም እንዴ፣ ሥራውም እዚያ ስላለ ነው" ይላል።

ጠበቃ ነኝ አትፍሩኝ

የአባትህ 70/30 የተፈጠረ ወሬ አይደለም፣ ነበረ። በ2000ዎቹ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ሶሻል እንዲሆን ተብሎ ተመድቦ ነበር። ምን እንደተገኘበት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ኤሌክትሪካል ተመርቆ ሽያጭ ላይ ያለው ሰው ይህን ክር የከፈተልን ራሱ ነው። ወንድሜ አትቀየመኝ።

እኔ ሶሻል ገብቼ ሕግ ነው ያጠናሁት። ለእህትህ መጀመሪያ ስለ ታሪክ ትምህርቱ ልንገራት፣ ምክንያቱም ሰው የንጉሥ ስምና ዓመተ ምሕረት መደርደር ይመስለዋል። የ12ኛው መጽሐፍ ከ1815 በኋላ ስላለው አውሮፓ፣ በእነሱ አቆጣጠር ነው፣ ጀምሮ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች አልፎ እኛ ጋ ይመጣል። የ1966ቱን አብዮት ስትማር "ንጉሡ መቼ ወረዱ?" የሚለው ትንሹ ነገር ነው። ነገሩ ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግብና በውሃ አኩርፈው አለቆቻቸውን ሲይዙ ይጀምራል። ነዳጅ ተወዶ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ ይመታሉ። መምህራን ደግሞ "ሴክተር ሪቪው" የሚባለውን የትምህርት ማሻሻያ ተቃውመው ይወጣሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት የወሎ ረሃብ አለ። የማይተዋወቁ ቅሬታዎች እንዴት አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተው ሥርዓት ጣሉ? የትምህርት ፖሊሲ ጉዳይ መንግሥት ካወረዱት ነገሮች አንዱ መሆኑን አስቡት፣ ለኛ ቤት ክርክርም ቅርብ ነው።

ፍርድ ቤት ቆሜ የምሠራው ይህንኑ ነው። ምክንያትና ውጤትን መለየት፣ ማን ምን እንዳለና ለምን እንዳለ መጠየቅ፣ ሁለት ሰው አንዱን ነገር ለየብቻ ሲያወራ የትኛው ከማስረጃው ጋር እንደሚሄድ ማየት።

ሁሉም ግን እንዲህ አልነበረም። እኛ ሥነ ዜጋን ስንማር 11 ምዕራፍ ነበረው፣ ዴሞክራሲ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ የአገር ፍቅር፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ተሳትፎ፣ እውቀትን መሻት። ክፍል በተዛወርን ቁጥር ያው 11 ርዕስ ተመልሶ ይመጣል። ስለ ቁጠባ ስንት ጊዜ እንደተማርኩ ሳስብ እስካሁን ባለሀብት መሆን ነበረብኝ። አሁን "ዜግነት" ተብሎ ተቀይሯል፣ ይሻል እንደሆነ እህትህ ትንገረን፣ እሷ ናት የተማረችው።

ስለ ዩኒቨርሲቲው፦ መጀመሪያ ፍሬሽ ትሆናለች፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ የመሳሰሉትን የጋራ ኮርሶች ትወስዳለች። ከዚያ ዲፓርትመንት ትመርጣለች፣ ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ሳይኮሎጂ፣ ሶሺዮሎጂ፣ ጋዜጠኝነት፣ ፖለቲካል ሳይንስ እያለ ይሄዳል። ሕግና አካውንቲንግ ላይ ግፊያው ብዙ ነው፣ የፍሬሽ ነጥቧ ይወስናታል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የትኛውም ዲፓርትመንት መውጫ ፈተና አለው፣ ያላለፈ አይመረቅም። እኛ ሕጎቹ ከሁሉም ቀድመን ለምደነዋል።

ጌታ ፊዚክስ

ሥራስ? ሰፈሬ ውስጥ ያለው የማኔጅመንትና የአካውንቲንግ ምሩቅ ቢቆጠር አንድ ወረዳ ይወጣዋል። ሁሉም ሲቪውን ይዞ ይዞራል። ታሪክ ማወቅ ደስ ይላል፣ ታሪክ ግን ቤት ኪራይ አይከፍልም።

ባንክ ቤት ነኝ

ጌታ ፊዚክስ እውነት አለው፣ መደበቅ አያስፈልግም። ባንክ ማስታወቂያ ሲያወጣ የሚመጣውን አመልካች አያለሁ። ግን የናቹራሉም ምሩቅ ለዚያው ለእኛ ቦታ ነው የሚያመለክተው። አሁን ሥራ የሚያስገኘው የዲፓርትመንቱ ስም ብቻ አይደለም፣ ኤክሴል የሚችል፣ ሪፖርት በእንግሊዝኛ የሚጽፍ፣ ቁጥር አይቶ የሚጠይቅ ልጅ ነው የሚፈለገው። ይህን ደግሞ ሶሻል ተምሮ በደንብ ማግኘት ይቻላል፣ ኢኮኖሚክሱን ከልቧ ከያዘችው።

እኔ ኢኮኖሚክስን የወደድኩት ኢላስቲሲቲ ላይ ነው፣ ዋጋ ሲለወጥ ሰው የሚገዛው መጠን ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚለካበት ነው። የዘይት ዋጋ በ10 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚገዛውን በ2 በመቶ ብቻ ከቀነሰ ኢላስቲሲቲው 0.2 ነው። ማለትም ቢወደድም ይገዛል፣ ከሌላ ነገር ላይ ቆርጦ ይገዛል። የእናቶቻችን የገበያ ጭቅጭቅ በቁጥር ሲጻፍ እንዲህ ነው። 12ኛ ላይ ማክሮ፣ የአገርን ኢኮኖሚ በጥቅሉ የሚያየው፣ ይመጣል፣ ስለ አገር ምርት፣ ስለ ዋጋ ንረት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ድህነት፣ ኢትዮጵያ ስላደረገቻቸው የኢኮኖሚ ማሻሻያዎችም ምዕራፍ አለው። በ2016 ሐምሌ መጨረሻ ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ እኛ መሥሪያ ቤት እንኳ "ለምን?" ሲባል ትከሻውን የሚነቀንቅ ሰው ነበር። የመጽሐፉን የገንዘብ ፖሊሲ ምዕራፍ በወጉ የያዘ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቢያንስ ማን እንደሚጎዳና ማን እንደሚጠቀም ሊናገር ይችላል። ቡና ላኪው፣ ከውጭ መድኃኒት አስመጪው፣ ውጭ አገር ልጅ ያላት እናት፣ ሁሉም በየፊናቸው ነው የሚነካቸው።

እማማ ሜሪላንድ

ልጆች፣ ጭቅጭቃችሁን እያነበብኩ ሳቅሁ። እኔ ሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ሶሻል ናቹራል ብሎ መክፈል የለም። ልጄ ሃይስኩል ለመጨረስ ሦስት የሶሻል ስተዲስ ክሬዲት የግድ ያስፈልገዋል፣ የአሜሪካ ታሪክ፣ የዓለም ታሪክ፣ ሌላው ስለ መንግሥት አሠራር የሚያስተምር ነው፣ የዚህኛው የስቴት ፈተናም አለው። ባዮሎጂውንና አልጀብራውንም እዚያው ጎን ለጎን ይማራል። ሐኪም የሚሆነውም ስለ ምርጫና ስለ ፍርድ ቤት ሳይማር አይወጣም፣ ጠበቃ የሚሆነውም ባዮሎጂ ሳይነካ አይወጣም። በ16 ዓመት ልጅን ለሁለት መክፈላችን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ሥራ የለም የሚለው ለቅሶ ግን እዚህም አለ፣ የኛ ሐበሻ ወላጅ ሁሉ ነርስ ሁን ኮምፒውተር ተማር ነው የሚለው። አድዋን ደግሞ ቤት ውስጥ እኔው ነኝ የማስተምረው።

ታላቅ ወንድም (አዳማ)

እማማ፣ ያባቴ ወንድሞች ሳይሆኑ አይቀሩም እነዚያ ወላጆች። ስልኩን እህቴ እየነጠቀችኝ ነው፣ ራሷ ትጻፍ።

የሱ እህት

ሰላም፣ እኔ ነኝ ሶሻል ካልገባሁ ያልኩት። ዜግነት ትምህርቱ ደህና ነው፣ ግን አስተማሪያችን ብዙ ጊዜ ኖት ነው የሚያስጽፉን። ታሪክ እወዳለሁ፣ ቲቪ ላይ ዜና ሳይ ራሱ ከየት እንደመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ። እንግሊዝኛ ላይ አልፈራም። የሚያስፈራኝ ሂሳብ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ይቀራል ብዬ ነበር። 12ኛ ላይ ሂሳቡ ምን አለው? ክረምቱን ምን ላድርግ? አባዬ እሺ ካለ ማለቴ ነው፣ ትናንት ማታ "እስኪ እናያለን" ብሏል።

የካርታ መምህር

"እስኪ እናያለን" ካሉ ግማሹ አልቋል።

እንግሊዝኛ አልፈራም ማለትሽ ትልቅ ነገር ነው። እንዳይሰንፍ ግን የ11ኛውን የታሪክ መጽሐፍ ከአሁኑ ማንበብ ጀምሪ፣ ለማጥናት ሳይሆን ለማንበብ። አንድ አንቀጽ አንብበሽ መጽሐፉን ክደኚውና የገባሽን በራስሽ እንግሊዝኛ ሁለት ሦስት መስመር ጻፊ። ቢበላሽ ግድ የለም። ሂሳቡን ባንክ ቤት ያለችው ትመልስልሽ፣ እኔ ከስኬል በላይ አልዘልቅም።

ባንክ ቤት ነኝ

እህት ዓለም፣ 12ኛ ላይ ሲኩዌንስና ሲሪስ፣ የካልኩለስ መግቢያ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግና ለቢዝነስ የሚሆን ሂሳብ አለ። ካልኩለስ የሚለውን አይተሽ አትደንግጪ፣ ስሙ ነው የሚያስፈራው። ስታቲስቲክሱና የቢዝነሱ ሂሳብ ደግሞ በኋላ እንጀራሽ ነው የሚሆነው።

ክረምቱን የ12ኛውን አትንኪ። የ10ኛውን ኤክስፖኔንሻልና ሎጋሪዝም ምዕራፍ አውጥተሽ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ሥሪ፣ ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚያ ነው፣ የወለድ ሂሳብም የሚነሳው ከሱ ነው። 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ቢወልድና ወለዱም ቢወልድ ከሁለት ዓመት በኋላ 11,449 ብር ይሆናል፣ ለምን 11,400 እንዳልሆነ ለወንድምሽ ማስረዳት ከቻልሽ ሂሳቡ ገብቶሻል ማለት ነው። ካልገባሽ ኢንጂነር ቤትሽ ውስጥ አለ፣ ከሽያጭ ሲመለስ ያዢው። አጋዥ መጽሐፍ ለመግዛት አትቸኩሉ፣ የተማሪው መጽሐፍ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ አለ፣ መጀመሪያ እሱን ጨርሺ።